እንግዳ ወደ ጅብ መውረጃ እንዴት እንደሚወርድ

ከዚህ በታች የተጻፈው ከሽማግሌዎች አፍ የተሰማ ነው። የተረሳ ወይም የተሳሳተ ሊኖርበት ይችላል። ቀኑ እሑድ ይሁን ሰኞ፣ በርኖሱ ጥቁር ይሁን ቡኒ፣ ከተናጋሪ ተናጋሪ ይለያያልና እርግጡን የሚያውቅ አንባቢ ቢገኝ በትዕግሥት ያርመው። የእብሬ መታሰርና የባላምባራስ መሮጥ ግን ከማንም አፍ ሲሰማ አንድ ነው።

በደሴ ከተማ፣ ከገበያው ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ጅብ መውረጃ የሚባል ሰፈር አለ። ወደዚህ ሰፈር እንግዳ ሲገባ፣ ከላይ ካለው ከመጀመሪያው ቤት አንድ ሰው ይነሣል። ወንድ ሊሆን ይችላል፣ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ በሰዓቱ ቤት የተገኘ ነው የሚነሣው። «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ቀድሞ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ መዳፎቹንም ገልጦ፣ እንግዳውን እስከሚፈልገው ቤት ይመራዋል። እየሄደም «እንግዳ ይዣለሁ!» ብሎ ይጣራል። ከየቤቱ «አስረናል!» የሚል መልስ ይመጣል። የሚታሰር ነገር ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ መልሱ ግን አልቀረም።

የከተማው ሰው ስለዚህ ሰፈር የሚያወራው ሌላ ነው። «ጅብ መውረጃ በኮት ገብቶ በሸሚዝ የወጣ ዕድለኛ ነው» ይባላል። ባለጋሪ በድሮ ጊዜ፣ ባለባጃጅ ደግሞ በዛሬ ጊዜ፣ ከቁልቁለቱ አፍ ላይ አውርዶ ይመለሳል እንጂ አይገባም። የሰፈሩ ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያደርጉትም ጩቤ ለመደበቅ ነው የሚል አለ። ይህን የሚለው ሰው መዳፋቸውን አይቶ አያውቅም። ወርዶ ያየ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ቦታ የሚያገኘውን ነው። ቦኖ ላይ በወረፋ የሚጣሉ ሴቶች፣ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆች፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጠላ ለባሾች፣ ደጁ ላይ ራዲዮ ፈታትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው ጎልማሳ። ሌባ የለበትም ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ዶሮ፣ አንድ ጊዜም ከገመድ ላይ አንሶላ ጠፍቷል፤ ይህ በየትም ሰፈር ያለ ነው።

እንደሚነገረው ከሆነ፣ ጣሊያን ከአገር በወጣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት፣ የጅብ መውረጃ ሰዎች ሥራ ሌጦ ማድረቅ ነበር። የበግና የፍየል ሌጦ ከነጋዴዎች እየተቀበሉ፣ ጨው ነስንሰው፣ በእንጨት ላይ ወጥረው በየደጃቸው ያቆሙታል። ሽታው ጅብ ይጠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ሁለትና ሦስት ውሻ ያሳድግ ነበር፤ ውሾቹም ጅብ መግጠም የለመዱ በመሆናቸው ሰውን ከምንም አይቆጥሩትም ነበር። በዚህ ምክንያት ሰፈርተኛው አንድ ዘዴ አበጀ። በመጀመሪያው ቤት የሚኖረው ሰው፣ የማያውቀው ሰው ሲወርድ ባየ ጊዜ ያፏጫል። ያን ጊዜ ቀጥሎ ያለው ቤት ውሾቹን ያስርና እሱም በተራው ያፏጫል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ፉጨቱ እስከ ወንዙ ይደርሳል። እንግዳው ሳይነከስ በሰላም እንዲወርድ ተብሎ የተደረገ ነው።

እንግዳው ግን ይህን ከየት ይወቅ? ከኋላው ይፏጫል፣ ከፊቱ ይፏጫል፣ በግራና በቀኝ የሰንሰለት ድምፅ ይሰማል፣ ሰው የሚባል አይታይም። የያዘውን ጥሎ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ገበያ ሲደርስም «ወንበዴ እያፏጨ ከበበኝ» ይላል። ሰፈርተኛው ደግሞ የወደቀውን ዕቃ አንሥቶ ባለቤቱ እስኪመጣ አጥር ላይ ይሰቅልለታል። ባለቤቱ አይመጣም። አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ኮትና ባርኔጣ ከላይ ሆኖ ያየ መንገደኛ «ይኸው፣ የገፈፉትን ለገበያ አውጥተውታል» ይላል። የጅብ መውረጃ ሰዎች በበኩላቸው «የከተማ ሰው ምን ሆኖ ነው ሁልጊዜ የሚሮጠው?» እያሉ ይገረሙ ነበር ይባላል።

በመጀመሪያው ቤት የሚኖረው ሰው እብሬ ጎበዜ ይባል ነበር። ቀጭን፣ ጭምት ሰው ነበር፤ ድምፁ ዝቅተኛ ሆኖ፣ ፉጨቱ ግን ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር ይባላል። ዘሃራ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ከገበያው ዳር በልብስ ስፌት መኪና የሚሠራ ሰይድ አራጋው የሚባል ወጣት፣ ሌጦ ይዛ ስትመላለስ አይቷት ወደዳት፤ እሷም አልጠላችውም። የሰይድ አባት ስለ ሰፈሩ የሚወራውን ስለሚያውቁ ብዙ ጊዜ እንቢ ብለው፣ በመጨረሻ ለልጃቸው ልቅሶ ተሸነፉ። ሽማግሌም መረጡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የሰይድ አጎት፣ ባላምባራስ ይማም ነበሩ። በጦርነት ጊዜ ስማቸው የተጠራ፣ ሲናገሩ ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጣቸው ትልቅ ሰው ናቸው።

እብሬ ሽማግሌ እንደሚመጣ ሲሰማ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ ጎረቤቱን ለመነ።

«አንድ ውሻ እንዳይጮህባቸው። የልጄ ነገር ነው። ከሌላው ቀን ይልቅ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ከሌላው ቀን ይልቅ ጠንከር አድርጋችሁ አፏጩ፣ ማሰራችሁን እንዳውቅ።»

«አይዞህ አያ እብሬ» አሉት። «እንዲህ ያለ ፉጨት ሰምተህ አታውቅም።»

እሑድ ጠዋት ጭጋግ ወርዶ ነበር፤ የደሴን ጭጋግ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የራስን እጅ እንኳ ይሸፍናል። ባላምባራስ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መውረድ ጀመሩ። እብሬ ሦስት ጥላ መሰል ነገር ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲል አየ። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ለልጁ ያለውን ፍቅር ሁሉ ጨምሮ አፏጨ። ሃያ ቤት ተቀበለው። አንዳንዱ ለክብር ብሎ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዱም ሦስት ጊዜ አፏጨ። እንዲያ ያለ ፉጨት በዚያ ቁልቁለት ላይ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልተሰማም ይላሉ።

እብሬ ጋቢውን አስተካክሎ ሊቀበላቸው ሲወጣ፣ መንገዱ ላይ የተቀመጠለት አንድ ጫማ ብቻ ነበር። ትንሽ ከፍ ብሎ በርኖሱ፣ ከዚያም ከዘራው፣ ከዚያም ጥምጥሙ ተዘርግቶ። ከላይ ከጭጋጉ ውስጥ የሚሮጥ እግር ድምፅ፣ ቀጥሎም «ወይኔ ቁርጭምጭሚቴ!» የሚል ጩኸት ሰማ። ጥምጥሙን አነሣ።

ሚስቱ ፋጤ ከበሩ ላይ ሆና አየችው።

«የታሉ?»

«ሄዱ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም። ሮጡ።»

ፋጤ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች፣ ቀጥሎም ባሏን አየች። «አንተ ሰው፣ ያን ፉጨትህን ትንሽ ብታሳጥረው ምን ነበረበት?» አለችው። ነገሩ መጀመሪያ የገባት እሷ ናት ይባላል።

ባላምባራስ ገበያ ሲደርሱ ወንበዴዎቹ ሁለት ነበሩ። ለቀትር አምስት ሆኑ። ማታ በሰይድ አባት ቤት ሰባት ሆነው፣ ሰባቱም ጩቤ ይዘው፣ አንዱ ጩቤውን አንገታቸው ላይ አድርጎ ነበር። አብረዋቸው የሄዱት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ባላምባራስን ማሳፈር ስላልፈለጉ፣ ከሁሉ ቀድመው የሮጡትም እነሱ ስለነበሩ፣ «እውነት ነው» አሉ። የሰይድ አባትም «ከሌባ ጎሬ ሙሽራ አላመጣም» ብለው ነገሩን ዘጉ።

ወሬው ለጅብ መውረጃ ሲደርስ ዘሃራ ሌጦ እየወጠረች ነበር። ሽማግሌ ተልኮላት ከደጅ የተመለሰባት ልጅ ሌላ ሽማግሌ እንደማይላክላት ታውቃለች። አላለቀሰችም። «አባ፣ ዕቃቸውን አጥር ላይ አትስቀለው» አለችው። «የእስከዛሬውን ሁሉ ሰቀልን፣ የመጣ የለም። ይህን ውሰድላቸው።»

እብሬ ሌሊቱን አልተኛም። ፈርቶ ነበር፤ ፈሪ መሆኑን ራሱም አይደብቅም ነበር ይባላል። በርኖሱ ታጥቦ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በርኖሱን አጣጥፎ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ጥምጥሙን፣ ከዘራውንና አንዱን ጫማ ይዞ ወጣ። ጎረቤቱ አሊዬ መንገድ ላይ አቆመው።

«ወዴት ነው በዚህ ጌጥ?»

«ለባለቤቱ ላደርስ ነው።»

«አያ እብሬ፣ አንተ የጅብ መውረጃ ሰው ነህ እኮ! የባላምባራስን በርኖስ ተሸክመህ ገበያ መሀል ስትገባ ማን ነው የሚያምንህ? በጆንያ ጠቅልለው።»

«በጆንያ ብጠቅልለው ነው ሌባ የምመስለው» አለ እብሬ። «ሰው እያየኝ ብሄድ ይሻላል።»

ሰው አየው። ገና የገበያውን አፍ እንዳለፈ አንዱ «ያ የባላምባራስ በርኖስ አይደለም እንዴ?» አለ፤ ሌላው «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ለማስረዳት አፉን ሲከፍት ድምፁ ዝቅተኛ ስለነበር ማንም አልሰማውም። በጥፊ የመታውም አለ። በዚያው በተሸከመው ጥምጥም ሁለት እጁን ወደ ኋላ አሰሩትና፣ ከፊት ከፊታቸው እየነዱ፣ ገበያውን አቋርጠው ወደ ጣቢያ ወሰዱት። በሰይድ የስፌት መኪና ፊት ለፊት ሲያልፍ ሰይድ ከመቀመጫው ተነሣ፤ መርፌውን እንኳ ሳይነቅል፣ መኪናው ላይ የነበረውን ልብስ እንደተሰካ ጥሎ ተከተላቸው።

ጣቢያ የነበረው አሥር አለቃ ባላምባራስን አስጠራ። በበቅሎ መጡ፤ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ነበር። ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር፤ የሰይድ አባትም እዚያው ናቸው። እብሬ እጁ እንደታሰረ መሀል ላይ ቆሟል።

«ባላምባራስ» አለ አሥር አለቃው፣ «ከእነዚያ ከሰባቱ አንዱ ይህ ነው?»

ባላምባራስ እብሬን አዩት። አዎ ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ የሰውየው ነገር የወህኒ ነው፣ የእሳቸው ክብር ግን ሳይነካ ይኖራል። አይደለም ቢሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ የትኛው ነው?» የሚል መሆኑን ያውቃሉ። ከዘራቸውን አነሡ። የዕቃውን ክምር በጫፉ እያገላበጡ ጊዜ ወሰዱ። በርኖሱ ታጥቧል። ተቀዶ የነበረው ጠርዙ ተሰፍቷል።

እብሬ ያን ጊዜ ነው የተናገረው። ስለ ራሱ አልነበረም።

«ጌታዬ» አለ፣ «አንገቱ ጋ ያለችው ጭቃ አልለቅ ብላ ነው። ሚስቴ በሁለት ውሃ አጥባዋለች። ይቅር ይበሉን። መቁጠሪያዎም ይኸው እጄን ያሰሩበት ጥምጥም ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ነው፣ አልፈታነውም።»

ባላምባራስ ጠጋ ብለው፣ የታሰረውን እጅ ይዘው፣ ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱ። መቁጠሪያው አለ። እጁንም ሳይለቁ ራሳቸው ጥምጥሙን መፍታት ጀመሩ።

«ይህን ሰው አይቼው አላውቅም» አሉ።

«ታዲያ ሰባቱ…»

«ሰባትም፣ አምስትም፣ ሁለትም አልነበሩም። ሰው አላየሁም። ጭጋግ ነበር፣ ፉጨት ሰማሁ፣ ሮጥኩ። ያባረረኝ የለም፤ ያባረረኝ የገዛ እግሬ ነው። በርኖሱንም የገፈፈኝ የለም፣ ለመሮጥ ከብዶኝ እኔው ጣልኩት።»

ከዚያ ከበሩ አካባቢ አንዲት ቅቤ ሻጭ ተጣራች።

«ባላምባራስ፣ ታዲያ ያ አንገትዎ ላይ የነበረው ጩቤ የማን ነው?»

«እሱማ የምላሴ ነው፣ ልጄ» አሉ ባላምባራስ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አሥር አለቃው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እብሬን «ለመሆኑ የምን ፉጨት ነው?» አሉት።

«ውሾቹን ለማሰር ነው፣ ጌታዬ። እንግዳ ሲመጣ እንዳይነክሱት።»

«ታዲያ ይህን ለምን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገራችሁም?»

«የጠየቀን የለም፣ ጌታዬ» አለ። «የሰማው ሁሉ ሮጧል። ቆሞ የጠየቀ ቢኖር እንነግረው ነበር።»

ባላምባራስ ወደ ሰይድ አባት ዞረው፣ «የመጪው እሑድ እወርዳለሁ፤ አንተም ትወርዳለህ» አሉ። የሰይድ አባት ወዲያው እሺ አላሉም። ሰይድ መርፌ የተሰካበትን ጨርቅ ትቶ መምጣቱን፣ ሳቂዎቹም ወደ እሳቸው መዞራቸውን ሲያዩ ግን «እሺ፣ እንይ» አሉ።

እሑድ ደረሰ። ባላምባራስ እያነከሱ፣ ያንኑ በርኖስ ለብሰው፣ ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆሙ። እብሬ ደጁ ላይ ይጠብቃቸው ነበር፤ አላፏጨም። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሰፈሩ አዙሮ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ልክ በገበያው መሀል እንደነዱት ሆኖ፣ ከፊታቸው መውረድ ጀመረ። የታሰረ ነገር ግን የለም፤ መዳፎቹ ተገልጠዋል።

ባላምባራስ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆሙ። «ይህ ምንድን ነው፣ እብሬ? እጅህን ፈትቼልህ አልነበረም እንዴ?»

«ፈትተውልኛል፣ ጌታዬ። ይህ ለእርስዎ ነው። እጄ የት እንዳለ እያዩ ይውረዱ ብዬ ነው።»

እብሬም በዚያ ዝቅተኛ ድምፁ፣ አቅሙ በፈቀደ መጠን ጮኾ፣ «እንግዳ ይዣለሁ!» አለ። ከታች «አስረናል!» የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የሰይድ አባት ደንግጠው «ማንን ነው ያሰሩት?» ብለው የባላምባራስን በርኖስ ያዙ።

«ውሻውን ነው፣ አንተ ሰው» አሉ ባላምባራስ። «በርኖሴን ልቀቅ፤ ከዚህ በኋላ ብጥለው የሚያምነኝ የለም።»

ዘሃራ ለሰይድ ተሰጠች። በሠርጉ ቀን ከከተማ የወረደውን ሚዜና አጃቢ ሁሉ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እየወጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መራው ይባላል። ፉጨቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። የእብሬን ልማድ መጀመሪያ ቤተሰቡ፣ ቀጥሎ ሰፈሩ ሁሉ ያዘው። የባላምባራስን ቃል ግን ከተማው ብዙም አልያዘውም። ሰባቱ ወንበዴዎች ለወሬ ስለሚመቹ፣ ጣቢያ ግቢ ውስጥ የነበሩ ሰዎች እንኳ ከዓመት በኋላ የሚያወሩት ስለ ሰባቱ ነበር። ባላምባራስ እስኪሞቱ ድረስ በሰሙ ቁጥር ያርሙ ነበር፤ «ሮጥኩ እንጂ!» ይሉ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ የሚያርም ጠፋ።

የቆዳ ፋብሪካ ከተከፈተ በኋላ ሌጦው ቀረ፤ ሌጦው ሲቀር ጅቡ፣ ጅቡ ሲቀር ውሾቹ ቀሩ። ዛሬ በጅብ መውረጃ ውሻ ያለው ቤት ከሦስት አይበልጥም፤ እነሱም በባጃጅ ድምፅ የሚደነግጡ ናቸው። ሰዎቹ ግን አሁንም እንግዳ ሲመጣ ይነሣሉ፣ ይቀድማሉ፣ መዳፋቸውን ይገልጣሉ። ለምን እንደሆነ ልጆቹን የጠየቀ «እንግዳ የሚወርደው እንዲህ ነዋ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አያገኝም። ስለ እብሬ የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎችና የዘሃራ ዘሮች ናቸው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሰፈሩ የታችኛው ክፍል ለመንገድ ተፈልጎ፣ አንዳንዱ ቤተሰብ ከከተማው ዳር ወዳለ ባለ አራት ፎቅ ቤት ተዛውሯል። ከተዛወሩት አንዷ የዘሃራ የልጅ ልጅ ከድጃ ናት። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ መጥቶ የጎረቤት በር ቢጠይቃት፣ ሥራዋን አስቀምጣ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ በደረጃው ከፊቱ ወረደች አሉ። ሠራተኛው የሕንፃው ሰዎች ከየት ሰፈር እንደመጡ ሰምቶ ኖሮ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ሲደርሱ «እንግዳ ይዣለሁ!» ብላ ተጣራች። አንድም ውሻ በሌለበት ሕንፃ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ፣ አንድ የሽማግሌ ድምፅ «አስረናል!» ሲል መለሰ። ሠራተኛው አልሮጠም። ቆመና «ምኑን ነው ያሰራችሁት?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ደረጃው ላይ እንደቆመች ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው ይባላል።

ይህ የተሰማው ባለፈው ዓመት፣ ጥር ሃያ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ከሕንፃው የመጣ ወሬ የለም።